የሚስባህ ነጭ ፎጣ

ናይሮቢ፣ መስከረም 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩት አጎቴ ለመምህር አብዱልጀሊል፤ መርሳ

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አጎቴ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎን ተሻለዎት? ተማሪዎችዎስ? እኔ በአላህ ፈቃድ ደህና ነኝ። ጥርሴም፣ ሆዴም፣ ሳሌም ደህና ሆኗል። ለአባቴ ሲነግሩልኝ በዚሁ ቅደም ተከተል ይንገሩልኝ። አንዱን ከዘለሉ «የደበቀችኝ ነገር አለ» ብሎ ሲበሳጭ ይውላል፤ ያውቁት የለ።

ይህን የጻፍኩት ላስቸግርዎት ነው። የአብራሪነት ትምህርቴን ከጨረስኩ ወዲህ ሥራ ፍለጋ ላይ ነኝ። አብራሪ ሞልቷል፤ የጠፋው አስተማሪ ነው ይላሉ። የተማርኩበት ትምህርት ቤት የበረራ አስተማሪነት ፈተናውን ካለፍኩ ሊቀጥረኝ ቃል ገብቶልኛል። ከወደቅኩ ግን የመኖሪያ ፈቃዴ ሲያልቅ ሻንጣዬን ይዤ መመለሴ ነው። አገሬን ጠልቼ አይደለም፤ ባዶ እጄን ተመልሼ የአባቴን ፊት ማየት ነው ያስፈራኝ። ለአገሩ ሁሉ «ልጄ ሰማይ ላይ ናት» ብሎ ጨርሷልና።

ፈተናው የጽሑፍ ነው፤ ሁለት ወረቀት አለው። አንደኛው ስለ በረራ ነው፣ እሱን አልፈራውም። ሁለተኛው ስለ ማስተማር ነው፦ ሰው እንዴት ይማራል፣ ለምን ይረሳል፣ ሲፈራ ምን ያደርጋል። እዚህ ላይ ተያዝኩ። መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ሸመደድኩት፣ ግን ውስጤ አልገባም። መጽሐፉ ራሱ ምን ይላል መሰለዎት? የመማር ዝቅተኛው ደረጃ ሽምደዳ ነው ይላል! ከዚያ መረዳት፣ ከዚያ በሥራ ማዋል፣ መጨረሻው የተማሩትን ከሌላ ነገር ጋር ማዛመድ ነው። እኔ ገና ከደጅ ነኝ።

አስተማሪዬ «ስለ አውሮፕላን ምንም የማያውቅ ሰው ፈልጊና አስተምሪው» ሲለኝ ቶሎ አንቱ ትዝ አሉኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝና! ስልኩ እንደሆነ አንድ ሰሞን ይሠራል፣ አንድ ሰሞን ይጠፋል፤ ሲሠራም «ሃሎ፣ ሃሎ» ስንባባል ያልቃል። በሞያሌ የሚመላለሱ ነጋዴዎች ደብዳቤውን አዲስ አበባ ያደርሱልኛል፤ ከዚያ ዓሪፍ ሹፌሩ በአውቶቡሱ ያመጣልዎታል።

የመጀመሪያው ትምህርት ይኸውልዎት። አውሮፕላን አፍንጫዋን ከልክ በላይ ቀና ካደረገች ክንፏ አየሩን መያዝ ያቅተዋል። ሞተሯ እየሠራ ትወድቃለች። ጀማሪ አብራሪ ያኔ ደንግጦ መሪውን ወደ ራሱ ይስባል፣ ሽቅብ የሚወጣ መስሎት። ይብስበታል። መዳኛው መሪውን ወደ ፊት ገፍቶ አፍንጫዋን ወደ መሬት ማዞር ነው። ይህን በራስዎ ቃል ይመልሱልኝ፤ ከሸመደዱት አውቅብዎታለሁ።

አባቴን ጉንጩን ይሳሙልኝ። ቃሉንም ይጻፉልኝ። እንደተናገረው፣ ሳያሳምሩ።

ልጅዎ ኢብቲሳም ሚስባህ


መርሳ፣ ጥቅምት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተወደድሽው ልጃችን ለኢብቲሳም

ወዐለይኩሙ ሰላም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ከክፉ ይጠብቅሽ፣ ያሰብሽውን ያሳካልሽ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ደህና ስልሽ የዘንድሮውን ደህና ነው የምልሽ፤ መንገዱ ሲከፈት እንሸምታለን፣ ሲዘጋ የሸመትነውን እንበላለን።

ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች አሉ! አምስተኛ ክፍል ሳለሽ ክፍልፋይ አልገባኝም ብለሽ ያለቀስሽብኝን ረስተሽ ዛሬ እኔን ልትፈትኚ? ይሁን፣ ተቀብያለሁ። መልሴ ይኸውና። ሰው ሲወድቅ ዓይኑ ሽቅብ ነው የሚያየው፤ የሚያድነው ግን የሚወድቅበትን ቦታ ማየቱ ነው። እሺ፣ ገባኝ ወይስ ሸመደድኩ? መጀመሪያ ሳነበው ግን «ይቺ ልጅ አብዳለች፣ እየወደቅኩ ወደ መሬት ላዙር?» ብዬ ብቻዬን ስቄያለሁ። የፈራ ተማሪ የተሳሳተውን ነገር አጥብቆ እንደሚይዝ ግን ሳስተምር አይቻለሁ። እኔ በኩርኩም ነበር የማስለቅቀው። መጽሐፍሽ ስለ ኩርኩም ምን ይላል?

አሁን ወደ አባትሽ ልምጣ። ደብዳቤሽን ይዤ መንደራችሁ ግራና ሄድኩና ማንጎው ሥር ተቀምጠን አነበብኩለት። አንድ መስመር ሳነብ አምስት ጊዜ ነው የሚያቋርጠኝ። «ጥርሷ ምን ሆኖ ነበር?» «ነጋዴው የማን ልጅ ነው?» አንብቤ ስጨርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር።

አንድ ነገር ግን አሳስቦኛል። አንቺ አብራሪ ከሆንሽ ወዲህ ሰማይ ላይ ድምፅ በሰማ ቁጥር መኮትኮቻውን ይጥልና ሽንኩርቱ መሃል ይቆማል። ያን ነጭ ፎጣውን ከትከሻው አውርዶ ያውለበልባል። «ልጄ ናት!» ይላል። ድሮ ሰው ይስቅ ነበር፣ እሱም ይስቅ ነበር። ዘንድሮ ሰማዩ ሌላ ድምፅ አምጥቷል። አይታይም፣ እንደ ንብ እየጮኸ አንዳንዴ ቀኑን ሙሉ ሲዞር ይውላል። ሲሰማ ገበያው ይበተናል፣ እኔም ተማሪዎቼን ዛፍ ሥር አስገባለሁ። አባትሽ ግን ይወጣል። ጎረቤቶቹ «ጋሼ ሚስባህ፣ ኧረ በአላህ ይግቡ!» እያሉ ሲጎትቱት «እኔ ከልጄ ልደበቅ?» ይላቸዋል። እኔም ተቆጣሁት። «ይኸ የእሷ አይደለም፤ ውስጡ ሰው እንኳ የለበትም» አልኩት። «ሰው ከሌለበት ማን ያዞረዋል?» አለኝ።

ይኸን የምነግርሽ እንድትሰጊ አይደለም። አንድን ነገር የለመደን ሰው እንዴት ማስተው እንደሚቻል መጽሐፍሽ ይናገር እንደሆን ብዬ ነው። በኩርኩም እንዳልሞክረው ይበልጠኛል።

ቃሉ ይኸውና፣ ሳላሳምር፦ «ቡሬ ደህና ነው፣ የፊት ግራ እግሩን ትንሽ ያነክሳል። ሽንኩርቱን በረዶ መታው። አንቺ ግትር፣ አንቺ የእናትሽን ራስ የወረስሽ፣ ደግሞ ፈተና ነው አሉ? ስንት ነው ፈተናው? በሬ እንኳ ሲገራ አንድ ጊዜ ነው የሚገራ። ብትወድቂም ልጄ ነሽ፤ ግን አትውደቂ። ዝቅ ብለሽ አትብረሪ፣ ዛፍ አለ። ከፍ ብለሽም አትብረሪ፣ ብርድ አለ።»

በሬውን አስቀድሞ አንቺን በማስከተሉ እንዳይከፋሽ። እናትሽ ነፍሷን ይማረውና በሕይወት ሳለችም የእሷ ተራ ከቡሬ አባት በኋላ ነበር።

አባትሽ ደህና ነው፤ ሰላም ብሎሻል።

አጎትሽ አብዱልጀሊል


ናይሮቢ፣ ኅዳር 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩት አጎቴ

አሰላሙ ዐለይኩም። አላህ ዕድሜ ከጤና ይስጥልኝ። ሰላምታዬን ስላሳጠርኩ አይቀየሙኝ። ደብዳቤዎን እንዳነበብኩ፣ ሳልቀመጥ ነው ይህን የምጽፈው።

መልስዎ ትክክል ነው፣ ገብቶዎታል። ስለ ኩርኩም መጽሐፉ የሚለው፣ ፍርሃት ተማሪን ዝም ያሰኘዋል እንጂ አያስተምረውም ነው። ይህን በሌላ ጊዜ እንከራከርበታለን። አሁን የጠየቁኝን ልመልስ።

መጽሐፉ ውስጥ አንድ ሕግ አለ። ሰው መጀመሪያ የተማረው ነገር ሥር ይሰዳል ይላል። ስለዚህ አስተማሪ ከመጀመሪያው ቀን ትክክሉን ማስተማር አለበት፤ ኋላ ነቅሎ ሌላ መትከል ከመጀመሪያው ትምህርት ይከብዳል። በጭንቅ ጊዜ ደግሞ ሰው የሚመለሰው ወደዚያ ወደ መጀመሪያው ነው። እኛ የግራና ልጆች መጀመሪያ የተማርነው ምንድን ነው? አውሮፕላን ሲያልፍ ሜዳ ወጥቶ እጅ ማውለብለብ። አባቴም ያንኑ ነው የሚያደርገው።

«አትውጣ» ማለት አይጠቅምም። በልማዱ ፋንታ ሌላ ልማድ መስጠት፣ ለእጁ ሌላ ሥራ መስጠት ነው የሚሻለው። የሚወጣበትን ምክንያት ሳይነኩ። የሚወጣው ለእኔ ብሎ ነው፤ ለእኔ ብሎ ይግባ። እባክዎን እንዲህ ብለው ያንብቡለት፦

«አባዬ፣ እኔ የማበርራት ትንሽ አውሮፕላን ከዚህ አገር ወጥታ አታውቅም። ግራና ሰማይ ላይ ያለሁት እኔ አይደለሁም። ብኖርም ፎጣህ አይታየኝም፤ ዱዓህ ግን ይደርሰኛል። ድምፅ ስትሰማ ማንጎው ሥር ግባ። ፎጣውን መሬት ላይ አንጥፈህ ተቀመጥበትና ዱዓ አድርግልኝ። ድምፁ እስኪጠፋ አትነሣ። ከተነሣህ ዱዓው ይቋረጥብኛል።»

የመጨረሻው የራሴ ፈጠራ ነው፣ አላህ ይማረኝ። ግን ፎጣው ላይ ከተቀመጠ ሊያውለበልበው አይችልም። ያሰብኩት ይህንኑ ነው።

አጎቴ፣ ይህ የፈተና ልምምድ አይደለም። ደብዳቤው በደረሰዎት ዕለት፣ ሳያድሩ ግራና ይሂዱልኝ። ለዓሪፍም «አስቸኳይ ነው» ብዬ አስነግሬያለሁ። ፈተናዬ የካቲት ላይ ነው።

ለእርስዎም ለእሱም የምትሰጋው ልጅዎ ኢብቲሳም


መርሳ፣ ጥር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምንወድሽና ለምንኮራብሽ ልጃችን ለኢብቲሳም ሚስባህ

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ጤናሽን ያብዛልን። ልብሽን ያጽናልን። በሄድሽበት ሁሉ መልካም ሰው ያጋጥምሽ። ሰብርን፣ ትዕግሥቱን ይስጥሽ፣ አሚን።

የኅዳሩ ደብዳቤሽ የደረሰኝ በታኅሣሥ መጨረሻ ነው። መንገዱ ተዘግቶ ዓሪፍ ከነአውቶቡሱ ደሴ ላይ ቆሞ ነበር። አልተኛበትም፤ ምስኪን፣ በደረሰ ሰዓት ቤቱ ሳይገባ ነው ያመጣልኝ። እኔም እንዳዘዝሽኝ ሳላድር ግራና ሄጄ አነበብኩለት። አንድም ቃል ሳያቋርጠኝ ሰማኝ።

ስልኬ ወድቆ ተሰብሯል፣ ለመደወል እንዳትደክሚ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እዚያ አጠገብሽ የመርሳ ወይም የወልድያ ሰው አለ? ትልልቅ ሴቶች፣ ቁም ነገር የሚያውቁ? ስማቸውንና ሰፈራቸውን ላኪልኝ። ለሰላምታ ያህል ነው።

ደግሞ እንደ ተማሪሽ ሌላ ጥያቄ አለኝ። ተማሪው ሰማይ ላይ ብቻውን እያበረረ ሳለ ምድር ላይ አንድ ነገር ቢፈጠር፣ አስተማሪው ወዲያው በሬዲዮ ይነግረዋል ወይስ መሬት እስኪነካ ይጠብቃል? መጽሐፉ ምን ይላል?

አባትሽ «ልጄ ሆይ፣ በርቺ፣ ዱዓዬ ከአንቺ ጋር ነው» ብሏል።

አባትሽ ደህና ነው፤ ሰላም ብሎሻል።

አጎትሽ አብዱልጀሊል


ናይሮቢ፣ ጥር 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩት አጎቴ

ወዐለይኩሙ ሰላም። አላህ ያክብርልኝ፣ ስለ ዱዓዎ አሚን።

ኢስሊ በሚባል ሰፈር እትዬ ቡርቱካን የሚባሉ የመርሳ ሴት አሉ፤ ጨርቅ ይሸጣሉ። የአገር ሰው ታሞም ሞቶም የሚሰበሰበው እሳቸው ዘንድ ነው። አድራሻቸውን ከኋላው ገጽ ጽፌያለሁ። ሰላምታዎን ይላኩላቸው።

የጠየቁኝን ልመልስ። ለማንኛውም አብራሪ መጀመሪያ የሚነገረው ይህ ነው፦ አስቀድመህ አብርር፣ ቀጥሎ መንገድህን እወቅ፣ መነጋገሩ መጨረሻ ነው። ብዙ ሰው የሞተው መሪውን ለቅቆ ሬዲዮ ሲያነሣ ነው። ተማሪው በምድር ስለሆነው ነገር ምንም ሊያደርግ ካልቻለ አስተማሪው ይጠብቃል። መሬት ሲነካ ግን፣ ሞተሩን ሲያጠፋ፣ ያኔ ይነግረዋል። ያኔም ካልነገረው አስተማሪ አይደለም።

አሁን የእኔ ተራ ነው። የፈራ ተማሪ በምን ይታወቃል የሚል ምዕራፍ አለ። አንዳንዱ ይቆጣል። አንዳንዱ ከልክ ያለፈ ትሑት ይሆናል፣ ምስጋናና ምርቃት ያበዛል። አንዳንዱ ያልተጠየቀውን እየመለሰ ከተጠየቀው ይሸሻል። መጽሐፉ አስተማሪው ተማሪውን አያሳፍረው፣ ቀላል ጥያቄ ጠይቆ በር ይክፈትለት ይላል።

ቀላል ጥያቄ ልጠይቅዎት። ኢማሙን እንኳ የሚያቋርጠው አባቴ አንድም ቃል ሳያቋርጥ ሰማኝ ብለውኛል፤ ደስ ብሎኛል። ግን ቡሬን አላነሣልኝም። ቡሬ እንዴት ነው? እግሩን ተሻለው?

ሌላ አልጠይቅዎትም። ይህችን ብቻ ይመልሱልኝ።

ኢብቲሳም


መርሳ፣ የካቲት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውዷ ልጃችን

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንኳን ለታላቁ የረመዳን ወር በሰላም አደረሰሽ።

ስለ አገሩ ልንገርሽ። በልጉ እስካሁን አልዘነበም። ሐራ ያለው የባቡር ሐዲድ እንደቆመ ነው፤ ፍየል ይተኛበታል። ትምህርት ቤቱ በሳምንት ሁለት ቀን ይከፈታል፣ ሌላውን ቀን ልጆቹ ቤታቸው ናቸው። የማንጎ ዋጋ ወድቋል፤ የሚጭነው መኪና የለም። ያ አንቺ የምታውቂው የመናኸሪያው ሻይ ቤት ተዘግቷል። የዘንድሮ ቅዝቃዜ ደግሞ መርሳ ላይ ታይቶ አይታወቅም፤ ጉልበቴን ጨርሶኛል።

የቅሬያችን፣ የዕድራችን፣ ሽማግሌዎች ስላንቺ ተሰብስበው ነበር። እስላሙም ክርስቲያኑም። ዱዓ አድርገውልሻል። ፈተናሽን እስክትጨርሺ ማንም ሰው ባልሆነ ወሬ እንዳያስቸግርሽ ተስማምተዋል፤ የቅሬ ውል ነው፣ ያፈረሰ ይቀጣል። እኔም የእነሱ ሰው ነኝ።

ለመሆኑ አንቺ፣ ፈተናሽ ደርሶ የበሬ እግር ምን ያደርግልሻል? ኧረ ተይኝ ልጄ! እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ እንዲህ እያፋጠጥሽ አትጠይቂኝ። መጽሐፍሽን ያዢ። አስቀድመሽ አብርሪ ብለሽ የለም? አብርሪ እንግዲህ። አብሽሪ፣ ሁሉም በአላህ እጅ ነው።

ይኸን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጽፌ ቀድጄዋለሁ። ቀለሙ ስለተበላሸ ነው።

አባትሽ ደህና ነው፤ ሰላም ብሎሻል።

አጎትሽ አብዱልጀሊል


ናይሮቢ፣ መጋቢት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ ለመምህር አብዱልጀሊል

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ዒድ ሙባረክ፣ ባሉበት።

አልፌያለሁ። ሁለቱንም ወረቀት። የማስተማሩን ወረቀት ከበረራው በተሻለ ውጤት ነው ያለፍኩት። ከሚመጣው ወር ጀምሮ ተማሪ ይሰጠኛል።

ፈተናው ላይ ያ ጥያቄ መጣ። «መጀመሪያ የተማሩት ነገር ለምን ይጸናል?» የሚል፤ አራት ምርጫ ነበረው። ትክክለኛውን መረጥኩና ወደሚቀጥለው አለፍኩ።

አጎቴ፣ አባቴ መሞቱን አውቃለሁ። ካወቅኩ ቆይቻለሁ። የጥር ወር ደብዳቤዎ ከመምጣቱ በፊት ነው ያወቅኩት።

ቤተልሔምን ያስታውሷታል? ዩኒቨርሲቲ አንድ ክፍል የነበርነው የወልድያዋ ልጅ። አሁን አዲስ አበባ ነው የምትሠራው፣ ቅሬውንም ውሉንም አታውቅም። ታኅሣሥ ላይ ደወለችና «ኢብቲዬ፣ አባትሽን ነፍሳቸውን ይማርልሽ» አለችኝ። ሰምቼ፣ አልቅሼ የጨረስኩ መስሏት። «አሜን» አልኳት። ሌላ ምን ይባላል? ከዚያ እየጠያየቅኩ አስወጣኋት። ያ የንብ ድምፅ ሲመጣ ጎረቤቱ ሁሉ ማንጎው ሥር ገብቶ ነበር አለች። እሱ ሽንኩርቱ መሃል ቆሞ ነበር። ፎጣው በእጁ ነበር። ከዚያ ወዲያ ያለውን አልጠየቅኳትም። የነገረችኝን ቀን ግን ኋላ ከደብዳቤዎ ጋር አሰላሁት፤ ደብዳቤዬ ደሴ ላይ ቆሞ ሳለ ነው።

ስልኩን ዘጋሁና መጽሐፉን ገለጥኩ። ወላሂ፣ ገለጥኩ። አንድ ምዕራፍ አነበብኩ። በማግስቱ ትምህርት ቤት ሄድኩ፣ ምሳዬን በላሁ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባል የለ? የእኔ ግን ገደደ። አንድም ቀን አላለቀስኩም። ላለቅስ ስል «ማን ነገረሽ?» የሚል ነገር ከውስጤ ይመጣል። ማንም አልነገረኝማ! ቤቴ የመጣ ሰው የለም፣ እጄን የያዘኝ የለም። በዒድ ቀን እትዬ ቡርቱካን «አባትሽ እንዴት ናቸው?» ሲሉኝ «ደህና ናቸው፣ ሰላም ብለውኛል» አልኳቸው። እሳቸውም ዓይናቸውን ሰበሩ። ለካ እሳቸውም ያውቁ ነበር። ሁለታችንም ሻያችንን ጠጣን።

ተቆጥቼብዎታለሁ፣ አልደብቅም። የተቆጣሁት ስለደበቁኝ አይደለም፤ ወጉን አውቃለሁ። ፈተናውን ጥላ ትመጣለች፣ መንገድ ላይ ትቀራለች ብላችሁ እንደሆነም ገብቶኛል፤ ያን ጊዜ ብሰማ ጥዬው እመጣም ነበር። የተቆጣሁት የአባቴን ቃል ስለፈጠሩ ነው። አባቴ «ልጄ ሆይ» ብሎኝ ያውቃል? ስለ ቡሬ ስጠይቅዎት በር ከፍቼልዎት ነበር፤ አልገቡም።

አሁን ግን መሬት ነክቻለሁ። ሞተሩን አጥፍቻለሁ። ምንም የሚቀረኝ ፈተና የለም።

መርዶዬን ይላኩልኝ። እንደ ማንኛውም የሰው ልጅ፣ በወጉ። አባቴ እኔ ዘንድ ገና አልሞተም፤ እንዲህ ሆኖ መኖር አልቻልኩም። አልቅሼ ልጨርስና ተማሪዎቼን ላስተምር።

ኢብቲሳም


መርሳ፣ ሚያዝያ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለኢብቲሳም

አሰላሙ ዐለይኪ ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።

አለፍሽ! አላህ ምስጋና ይድረሰው። ዓሪፍ ደብዳቤውን ሲሰጠኝ መናኸሪያ ላይ ቆሜ ነው የከፈትኩት። «አልፌያለሁ» የሚለውን አንብቤ ጮክ ብዬ «አልሐምዱሊላህ!» ስል ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ከዚያ ወደ ታች ወረድኩና ማንበቤን ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ጨረስኩ።

ቁጣሽን ተቀብያለሁ። ቃል መፍጠሬ እውነት ነው። እንደ እሱ ልሳደብ ሞክሬ ነበር፤ ጻፍኩ፣ ቀደድኩ፣ አልቻልኩበትም። በእኔ እጅ ሲጻፍ ስድብ ብቻ ሆኖ ይቀራል። የእሱ እንዲያ አልነበረም።

ደብዳቤሽን ሄጄ አነበብኩለት ያልኩሽ ግን ውሸት አይደለም። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ፎጣውን አንጥፈህ ተቀመጥ የሚለው ላይ ስደርስ ደግሜ አነበብኩት። የት ቆሜ እንዳነበብኩለት ቡርቱካን ትነግርሻለች። የቡሬንም ነገር እሷ ትነግርሻለች።

ከዚህ በላይ በወረቀት አልጽፍልሽም። ቤተልሔም የነገረችሽ ወሬ ነው። ወሬ መርዶ አይደለም። መርዶ በእግሩ ቤት ድረስ ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ እጅ ይይዛል። እኔም መምጣት ነበረብኝ፤ ጉልበቱም መንገዱም የለኝም፣ ይቅር በይኝ።

ደብዳቤው በደረሰሽ ማግስት፣ በማለዳ ከሱብሒ ሶላት በኋላ፣ ቡርቱካንና ሁለት የአገር ሴቶች በርሽን ያንኳኳሉ። ቁልፉን አታጥብቂው። የዚያን ቀን ተማሪ አትያዢ፣ ሰማይ አትውጪ። ሲገቡ «ምን አመጣችሁ?» ብለሽ አትቅደሚያቸው። ይቀመጡ። ትልቋ እስክትናገር ዝም በያቸው። ከዚያ እንደሆነልሽ ሁኚ። ጩኺ፣ መሬቱንም ምቺ። ይይዙሻል፣ ሦስት የሆኑት ለዚያ ነው። እኛም እዚህ ግራና፣ ማንጎው ሥር፣ እንደገና እንቀመጣለን፤ ከአንቺ ጋር እኩል እንድናለቅስ።

እስከዚያው እራትሽን ብዪና ተኚ።

ቡሬ ደህና ነው፣ የፊት ግራ እግሩን ትንሽ ያነክሳል። አባትሽም ደህና ነው፤ ሰላም ብሎሻል።

አጎትሽ አብዱልጀሊል